ከአዘዞ ውጭ የማይሰማ ድምፅ

አባቴ የድጓ መምህር ነው። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ኦፕራሲዮን ይሻል፣ ድምፁም ላይመለስ ይችላል ባሉን ጊዜ አንድ ያላስመረቀው ተማሪ ነበረው። ጢም ያወጣ፣ የደጋ ደብሩ ቶሎ ና እያለች የምትጠራው ሰው ነው። የደብሯ በዓል ዜማ ግን ገና አልጸናለትም ነበር።

እኔ ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ለአባቴ ማድረግ የምችለው ያንኑ ነበር። አዘዞ ባለው ቤታችን አስቀምጬ ድምፁን ቀዳሁት። ከዚያም ተማሪው ይዞት እንዲሄድ ለአሮጌ ላፕቶፑ ፕሮግራም ሠራሁለት። ስክሪኑ ላይ ከተጻፈው ዜማ አንዱን ስንኝ ሲነካ የአባቴ ድምፅ ይወጣል።

ፕሮግራሙን ጠቅልሎ የሚያዘጋጅ መሣሪያ አለ፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ይነገረዋል። ፕሮግራሙ ካለበት ተነስቶ «አጠገብህ ካለው ፎልደር» ማለት ይቻላል፤ ወይም ከኮምፒውተሬ ስም ጀምሮ ሙሉውን አድራሻ መዘርዘር። ጎንደር ውስጥ ሙሉ አድራሻ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ባለባጃጁን «ከፒያሳ ወረድ ብለህ ከፋርማሲው ጎን» እንለዋለን እንጂ የቤት ቁጥሩን ማን ያውቃል? ለማሽኑ ግን ሙሉው ይሻላል ብዬ ዘረዘርኩለት።

ተማሪው ሊሰናበት ሲመጣ ላፕቶፑን ሳሎን ውስጥ ከፈትነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። አባቴ እንዳይናገር ታዞ ስለነበር በመቋሚያው ወለሉን እየመታ የገዛ ድምፁን አጀበው። ዕንባዬ መጣ። ተማሪው ጉልበቱን ስሞ ሄደ፤ አባቴም ሆስፒታል ገባ።

ድምፁ ግን ላፕቶፑ ውስጥ አልነበረም። መሣሪያው ሙሉ አድራሻ ሲያይ ፋይሎቹን ትቶ አድራሻቸውን ብቻ ነው የያዘው። ያን ቀን የሰማነው በቤታችን ዋይፋይ በኩል ከእኔ ኮምፒውተር እየመጣ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ተማሪው ደወለ። አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር እሱም እንዲሰማ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግሁት። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ሸንተረር ላይ ወጥቶ ነው።

«ወንድሜ፣ ምነው የየኔታ ድምፅ እምቢ አለኝ? በነካሁት ቁጥር ፋይሉ አልተገኘም ይለኛል።»

ወዲያው ገባኝ። ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ያለች አንዲት የአድራሻ መስመር ናት፤ በስልክ እየነገርኩ ላስቀይረው እችላለሁ። ግን ምን ላይ ልትጠቁም? አጠገቧ ምንም የለም። ኢንተርኔት እሱ ዘንድ አይደርስም፤ መንገዱም ከተዘጋ ሰንብቷል። ፋይሎቹ እፊቴ ተደርድረው ይታዩኛል። በንዴት ኮምፒውተሩን ልሰብረው ደረስኩ።

ስልኩን የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ላይ ደቅኜ ቅጂውን አጫወትኩለት።

«ሸጋ ነው፤ መሀሉ ላይ ግን ይቆራረጥብኛል፤ እሚያስቸግረኝ ደሞ እሱ ነው። ነገ እኔን ነው እሚጠብቁ። እባክህ የኔታን አገናኘኝ፤ አንዴ ብቻ ይበሉልኝ።»

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አባቴ ድምፅ እንደሌለው ተማሪው አልሰማም። ልነግረው አፌን ስከፍት አባቴ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት። ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተማሪውን ያስቸገረችውን ያቺን የዜማ ቦታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላት። ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር የለም። መቋሚያው ብቻ ወለሉን ይመታል።

«የኔታ?» አለ ተማሪው። «የኔታ፣ አልተሰማኝም። ኔትወርኩ ነው መሰል። ይቆዩኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ ልውጣ።»

ድንጋዩን እየረገጠ ሲወጣ ይሰማን ነበር። አባቴ ስልኩን አልመለሰልኝም፤ እስኪደርስ ጠበቀው።