ኤርጎ ያከፋፈላቸው ላሞች

ጋሽ ፍሥሐ ዛሬም ወደ ኮንሶ ሲወርድ ወይጦ ላይ መኪናውን ሳያቆም አያልፍም። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላሞች ያሉበት አንድ የእሾህ በረት አለ፤ እዚያ ሄዶ ይቀመጣል። ይህን ያህል ሀብታም ሰው የእሾህ በረት ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለኝ ሁሉ የማወራው ይህንን ነው።

እኔ ሮማነወርቅ እባላለሁ። አያቴ ከመንዝ መጥተው ጂንካ ቀሩ፤ እኔም ጂንካ ገበያ ጎመንና ቲማቲም ስቸረችር እዚሁ አረጀሁ። አፌ እንደማያርፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለ ሀብታምና ስለ ደሃ ክርክር በተነሳ ቁጥር ግን የማነሳው የራሴን ጉዳይ አይደለም፣ ኤርጎን ነው።

ኤርጎ የጎረቤቴ የጋሽ ፍሥሐ ዘበኛ ነበር። የፀማይ ሰው ነው፤ ወይጦ አካባቢ ተወልዶ ከብት ሲጠብቅ አድጎ፣ ድርቅ በረቱን ባዶ ሲያስቀርበት ሥራ ፍለጋ ወደ እኛ ወጣ። ረጅም ነው፤ ሲስቅ ድምፁ አይሰማም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። በርኮታውን፣ ያቺን ቀን መቀመጫ ማታ ትራስ የምትሆነውን ትንሽ እንጨት፣ ከእጁ አያወጣም። አማርኛውን የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለአስተዳዳሪውም አንተ፣ ለሊስትሮውም አንተ። ሰፈር ሙሉ "ጋሽ ፍሥሐ" እያለ ሲያጎነብስ እሱ ከበርኮታው ሳይነሳ "ፍሥሐ፣ ደህና አደርክ?" ይላል። መጀመሪያ ጋሽ ፍሥሐ ተቆጣ፣ ኋላ ግን ለመደው፤ እንዲያውም ሳይወደው አልቀረም።

ጋሽ ፍሥሐ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ካላልኩ እግዜር ይታዘበኛል። ጂንካ ሲገባ በብስክሌት ኋላ ነጭ ጋዝ ጭኖ እያዞረ የሸጠ ሰው ነው። ከዚያ ሱቅ፣ ከሱቁ አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ሌላ አይሱዙ መጣ። የሚሄድበት ቸርች ሲሠራ ቆርቆሮውን የቻለው እሱ ነው። ነገር ግን አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተክሎ፣ በሩ ሥር ውሻ አስሮ ነበር የሚኖረው። ከእኔ ጋር ስንጨቃጨቅ ያገኘሁት በላቤ ነው ይለኛል። እኔስ በሽቶ ነው እንዴ የምሠራው እለዋለሁ። ይሄኔ አምስቱ ጣት እኩል አይደለም ይላል። ይህቺን ተረት ያወጣት ረጅሙ ጣት መሆን አለበት፤ ትንሿ ጣት ስትተርታት ሰምቼ አላውቅም።

ኤርጎ ክርክራችንን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። የሰውዬው ሀብታም መሆን አይከነክነውም፤ እነሱ ዘንድም ሜዳ የሚሞላ ከብት ያለው አለ፣ አንዲት ፍየል የሌለውም አለ። እሱን የሚከነክነው ሌላ ነው። ጋሽ ፍሥሐ ያን ጊዜ ከሶዶ የፈረንጅ ላሞች አስመጥቶ፣ በሲሚንቶ በተሠራ በረት ደርድሮ፣ ወተታቸውን ለሆቴሎች ይሸጥ ነበር። ኤርጎ ላሞቹን ያይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔን ይጠይቀኛል፤ ይሄ ሰው ወዳጅ የለውም እንዴ? ሁሉንም አንድ ቤት?

ያስረዳኝ እሱ ነው። በእነሱ አገር ከብት የበዛለት ሰው ከብቱን ሁሉ በራሱ በረት አያጉርም፤ እዚህም እዚያም በሰው በረት ያስቀምጣል። ላሚቱ የባለቤቱ ናት፤ ያኛው ይጠብቃታል፣ ወተቷን ይጠጣል። በሽታ ወይም ዘራፊ በአንድ ወገን ቢመጣ በሌላው ወገን ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወዳጅነት የሚጀመረው በላም ነው። ወዳጅህ ላልሆነው ሰው ላም ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ወዲያ ወዳጅህ ነው፤ በክፉ ቀን አንተም በሩን አታልፍም፣ እሱም በርህን አያልፍም። ይህን ለጋሽ ፍሥሐ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። እኔም በሆዴ፣ ምነው የእኔን ሰፈር ፀማይ ባደረገው አልኩ።

ሞባይል ገና ጂንካ ባልደረሰበት በዚያ ዘመን ጋሽ ፍሥሐ ወገቡን ታመመና ሊታከም ከሚስቱ ከዮዲት ጋር አዲስ አበባ ሄደ። ሲወጣ እኔ ለላሞቹ የጎመን ቅጠል ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኤርጎን ትከሻውን ይዞ፣ "አደራህን፤ እንደ ራስህ ከብት ጠብቃቸው" አለው። ኤርጎም ደረቱን መትቶ ተቀበለ።

ሰውዬው ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ከኔሪ ወንዝ ማዶ የከብት በሽታ ገባ ተባለ። የእከሌ በሬ ሞተ፣ የእነ እከሌ ጥጃ ወደቀ የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣል። ኤርጎ እህል አልበላ አለው። ላሞቹ በዚያ ሲሚንቶ ቤት አፍ ለአፍ ገጥመው ሲተነፍሱ እያየ አንዷ ብታስል ሁሉም ያልቃሉ ይላል። የራሱ በረት ባዶ ሲቀር አይቷልና ፍርሃቱ የወሬ አልነበረም።

አንድ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ብከፍት ኤርጎ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ይዞ ቆሟል። የፍሥሐ ናት፣ ወተቷን ጠጪ፣ እሷን ጠብቂ አለኝ። አብደሃል እንዴ አልኩት። እሱ ግን እንደ ራስህ ከብት ብሎኛል አለና ገመዱን እጄ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ልመልስለት ስል ልጄ አቢጊያ፣ ያን ጊዜ ከሲታ ነበረች፣ ኩባያዋን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ።

ሌላዋን ለቀን ሠራተኛው ለጅሩ ሰጠ፤ የጅሩ ቤት ልጅ በልጅ ነው። አንዷን ለአናጢው ለተስፋሁን፣ ሌሎቹንም እንዲሁ ችግር ላጠቃቸው ቤቶች። ለሁሉም የተናገረው አንድ ነው፤ የሰጣችሁ ፍሥሐ ነው፣ የክፉ ቀን ሰው ሁኑለት።

ወይ ያ ክረምት! የሲሚንቶ ላሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሣር ረገጡ። የአውሮፕላን ማረፊያው ያን ጊዜ ከተማው መሃል ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ሰው እየሮጠ ያስወጣል። የእኔዋ ላም ጭቃ ስለምትጠየፍና ስትሄድ ስለምትጎማለል "ወይዘሮ" አልኳት። አውሮፕላን ሲያርፍ የአገሩ ከብት ሸሽቶ ሲወጣ ወይዘሮ መሃል ሜዳ ቆማ ታየዋለች። አቢጊያ ጉንጭ አወጣች። የጅሩ ልጆች ማልቀስ አቆሙ፤ ይህን የነገረኝ ጅሩ ሳይሆን ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ነው። እሁድ እሁድ የጅሩ ሚስት ቸርች ውስጥ የጋሽ ፍሥሐን ወገብ ስሙን እየጠራች ትጸልይለት ጀመር። በሽታውም ወደ እኛ ሰፈር ሳይመጣ በወሬ ቀረ።

ጋሽ ፍሥሐ ምርኩዝ ይዞ ተመለሰ። በሩን ቢከፍት በረቱ ባዶ ነው። ኤርጎ በርኮታው ላይ ተቀምጦ ፊቱ በርቷል። ላሞችህ ደህና ናቸው፣ ወዳጆችህም ደህና ናቸው አለው። ጋሽ ፍሥሐ ግን ጩኸቱን አቀለጠው፤ ሌባ አለው። ፖሊስ መጣና ኤርጎን ወሰደው።

በከብት ያደገን ሰው የላም ሌባ ማለት ምን እንደሆነ ኤርጎ ሲሄድ ካላያችሁት አታውቁትም። እስሩን የፈራ አይመስልም። አንገቱን ደፍቶ፣ በርኮታውን እንኳ ረስቶ ሄደ። ተፈርዶበት ወህኒ ቢወርድ በሕይወት የሚወጣ አልመሰለኝም። ጎመኔን እንደተዘረጋ ጥዬ ቤት ለቤት ዞርኩ።

ሁላችንም ላሞቻችንን እየጎተትን ፖሊስ ጣቢያ ገባን። ወይዘሮ እንደገባች የጣቢያውን አበባ ጀመረችው። ሃምሳ አለቃው የቱን እንደሚያባርር ጠፋው። ላሞቹን ማን እንደሰጠን ሲጠይቅ ጅሩ ቀልጠፍ ብሎ ጋሽ ፍሥሐ ናቸው የሰጡን አለ፤ እውነትም እንደዚያ ነው የተነገረው። ሃምሳ አለቃው ወደ ጋሽ ፍሥሐ ዞሮ የጎደለ ካለ እንዲያይ ጠየቀው። የጎደለ የለም፣ እንዲያውም የተስፋሁኗ ላም ጥጃ አስከትላለች። ጋሽ ፍሥሐን ይህ አላበረደውም። ሳልፈቅድ ንብረቴን፣ የላቤን ውጤት አለ።

እኔ መቼ ዝም ልል! በላብህ አገኘሃት እንበል፣ አቢጊያ ግን በምን ጥፋቷ ነው አንተ አጥር ሥር ሆና ወተት የማታውቀው አልኩት። ሃምሳ አለቃው ዝም በይ አለኝ። ጋሽ ፍሥሐም እኔን ትቶ ወደ ኤርጎ ዞረ። የያዘው መስሎታል።

"ለሰው ሁሉ ሰጥተሃል። ለራስህስ የትኛዋን ደበቅክ?"

እርስ በርስ ተያየን። ለካ ኤርጎ ለራሱ አንድም አልወሰደም። በዘበኛ ቤት ደረቅ ቂጣውን ሲበላ ነው የከረመው፤ ይህን ያህል ጊዜ ወተት ስጠጣ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። ሃምሳ አለቃው ለምን ለራስህ አልያዝክም ብሎ ጠየቀው። ኤርጎ ጥያቄው ራሱ አስገረመው።

"ለኔ ለምን? ላም ወዳጅ ላልሆነው ነው የሚሰጠው" አለ። ከዚያ ጋሽ ፍሥሐን አየው። "እኔ ወዳጅህ ነኝ ብዬ ነው።"

ጋሽ ፍሥሐ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ። ክሴን ትቼዋለሁ፣ ልቀቁት አለ።

ሰው ግን ባንድ ቀን አይለወጥም። ላሞቹን ማግስቱን ሰብስቦ ወደ ሲሚንቷቸው መለሳቸው። አቢጊያ ወይዘሮን አቅፋ አልለቅም ስትል እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ አይ የድሃ ነገር፣ የሰው ላም ላይ ማልቀስ! ጋሽ ፍሥሐ ከዚያ ወዲህ እኔን ሲያይ አምስት ጣት የሚለውን ተረት አላነሳም። ይኸው ነው የተረፈኝ።

ኤርጎ ወደ ዘበኛ ቤቱ አልተመለሰም። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ በርኮታውን በትከሻው አንጠልጥሎ መናኸሪያ ሄደ። ለመንገድ ሙዝ ልሰጠው ተከትዬው ሄጄ ነበር። የወይጦ መኪና ሰው እየጫነ ሳለ ጋሽ ፍሥሐ በምርኩዙ እያነከሰ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ይቅርታ አለ። ደመወዝ እጨምርልሃለሁ አለ። ክፍልህን በሲሚንቶ አሠራልሃለሁ አለ። ወተት ከቤት ይወጣልሃል አለ። ኤርጎ ሁሉንም እስኪጨርስ ሰማውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ አይሆንም።

ጋሽ ፍሥሐ ጨነቀው። "እሺ ምን ላድርግልህ? አንተ ተናገር።"

ኤርጎ መኪናው ላይ አንድ እግሩን አድርጎ ትንሽ አሰበ። አልተቆጣም፤ ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም።

"አሁን ለኔም አንድ ላም ስጠኝ" አለው።

ጋሽ ፍሥሐ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። እኔም ሙዙን እንደያዝኩ ቀረሁ። ኤርጎ ወዳጁን ላም እንደማይጠይቅ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።