የኃይለመስቀል ካሴት የወጣበት ፋሲካ

ያን ጊዜ፣ ዘፈን ሁሉ የኪስ ስልክ ውስጥ ሳይገባ፣ አዲስ ካሴት የሚወጣው በዓመት በዓል ዋዜማ ነበር። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ይመስለኛል። የኃይለመስቀል ባንድ ካሴት ለፋሲካ ይወጣል ከተባለ ወዲህ፣ እናቱ ዓለሚቱ ሁዳዴን የጾመችው በሁለት ልብ ነው፤ አንዱ ለጌታዋ፣ አንዱ ለልጇ።

ልጁ ጊታር ይዞ አዲስ አበባ ከቀረ ጀምሮ አባቱ ጋሽ ፈንታ ስሙን አንስተው አያውቁም። «አዝማሪ ልጅ የለኝም» አሉ አንድ ጊዜ፣ አለቀ። ደጃቸውንም አልረገጠም። ዓለሚቱ ግን ድምፁን አንዴ ቢሰሙት እንደሚራሩ አምና፣ ሞላሌ ገበያ የሸለተችውን የበግ ጸጉር ስትሸጥ ሳይቀር «ልጄ ሲዘፍን ትሰሙታላችሁ» ስትል ከረመች።

በበዓሉ ዕለት መሐል ሜዳ ከተማ የምታስተምረው ልጇ ስንታየሁ ካሴቱን ከነቴፑ ይዛ መጣች። ልባሱ ላይ «ጓሳ ባንድ» ይላል፤ አምስት ጎረምሶች ጸጉራቸውን አጎፍረው ቆመዋል።

«ዓለምዬ፣ መቀስሽን አምጪ!» አለች ጎረቤቷ ገበያነሽ። «እነዚህስ ቢሸለቱ አንድ የብርድ ባና ይወጣቸዋል!»

ጋሽ ፈንታ ጀርባቸውን ሰጥተው መደቡ ላይ ጋደም አሉ። ቤቱን ግን ጥለው አልወጡም።

ቴፑ ተከፈተ። ጊታሩ ጮኸ፣ ከበሮው ተደለቀ፣ ቀጥሎ አንድ ቀጭን የወንድ ድምፅ ወጣ። የኃይለመስቀል አይደለም። ተራው እስኪደርስ ነው ብላ ዓለሚቱ ጠበቀች። ሁለተኛው ዘፈን መጣ፣ ሦስተኛውም፤ ያው ቀጭን ሰው።

«የታለ ታዲያ ያንቺ ልጅ?» አለች ገበያነሽ። «ጉንፋን ይዞት ቀረ?»

ስንታየሁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ እሱ እኮ አይዘፍንም። ባለ ወፍራም ክሩን ጊታር ነው የሚመታው» አለቻት።

«እየመታ ዝም?»

በአገሯ መሰንቆ የያዘ ሁሉ ራሱ መትቶ ራሱ ያዜማል፤ ሌላ አይታ አታውቅም። ገበያነሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። የሰው ሳቅስ ይለፍ፤ ከእንግዲህ ባሏን በምን ትለምናቸው?

«ዝም በሉ እስቲ!»

ጋሽ ፈንታ ተነስተው ተቀምጠዋል። ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አዘንብለው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ።

«ይኼ ከስር ከስር የሚያጉረመርመው ነው?»

«አዎ አባዬ፣ እሱ ነው።»

«ያ ቀጭኑ ብቻውን ቢሆን ወድቆ ነበር። ደግፎ የያዘው ይኼ ነው።» ወደ ገበያነሽ ዞሩ። «እኔስ ስንት ዘመን ማኅሌት ላይ ከበሮ ስመታ፣ አፌን ስከፍት አይተሽኛል?»

«ኧረ እንኳንም አልከፈቱ ጋሼ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው አልሳቁም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁና ማንንም ሳያዩ፣ «ለዳግማይ ትንሣኤ ይምጣ በሉት። እሱ እስኪመጣ የቀረውን ጠቦት አላሳርድም» አሉ።

«ስልክ ቤቱ እኮ ዛሬ ዝግ ነው» አለች ስንታየሁ።

ዓለሚቱ ግን ጫማዋን እየፈለገች ነበር።