መቶ አርባ ቁጥር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ

ንፋስ መውጫ በሚገኝ የመሬት ጽሕፈት ቤት ካርታ ነዳፊ ሆኜ በገባሁ ቀን፣ አለቃዬ አቶ ደምሌ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ እግሩ የላላ ወንበርና የአንድ ቀበሌ ካርታ አስረከቡኝ። ሥራዬ ኦቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ለመቶ ሠላሳ ዘጠኝ ቦታ ቁጥር መስጠት ነበር። ሳምንት ሙሉ ለፍቼ ስጨርስ ቁጥር አሥራ ሁለት ያልኩት ቦታ ለሁለት ወንድማማቾች ተከፈለና ከአሥራ ሁለት በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ተበላሸ። አቶ ደምሌ ቀና እንኳ ሳይሉ "እንደገና" አሉኝ።

ለመንገድ ሥራ የመጣ ቀያሽ ቁጥሩን ሳርም አየኝና ሳቀ። ይህን ሥራ ሊስፕ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል አለኝ። ሊስፕ ለኦቶካድ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። የት እንደምማረው ስጠይቀው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል ብሎ፣ የራሱን ፕሮግራም በፍላሽ ሰጥቶኝ ሄደ።

እውነቱን ነው፣ ሞልቷል። "ለጀማሪዎች" የሚል ቪዲዮ ያገኘሁትን ሁሉ ከፈትኩ። አስተማሪዎቹ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ "እንደምታውቁት" ይላሉ። እኔ አላውቅም። ኔትወርኩም ከሦስተኛው ደቂቃ አያሳልፈኝም።

ወገዳ ከተማ መምህር የሆነ የአክስቴ ልጅ፣ ትምህርት ቤታቸው ስለ ሊስፕ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንዳለ በስልክ ነገረኝ። ቅዳሜ አይሱዙ ላይ፣ የገብስ ጆንያ ተደግፌ ሄድኩ። ሽፋኑ ላይ እውነትም ሊስፕ ይላል፤ ከሥሩ ግን ምላሱን ያወጣ ሕፃን ተሥሏል። ለካ ቃሉ በእንግሊዝኛ መኮላተፍ ማለትም ነው። መጽሐፉ ኮልታፋ ልጆችን ስለመርዳት ነበር። የአክስቴ ልጅ ይጠቅምሻል ብዬ ነው አለኝ። አብረን ስናድግ መቼ ስኮላተፍ እንደሰማኝ አልጠየቅኩትም።

ሰኞ በንዴት ገባሁ። በእጄ የጻፍኩትን ቁጥር ሁሉ አጠፋሁና የቀያሹን ፕሮግራም አስነሣሁ። ሰማንያ መስመር፣ መስመሩ ሁሉ ቅንፍ በቅንፍ ነው። ካርታው ላይ አንድ ቦታ ስነካ መቶ አርባው ቁጥር እዚያው ላይ ተቆለለ። ደንግጬ ሳላስበው ሴቭ አደረግኩት፤ የቀድሞው ቁጥር በዚያው ጠፋ። ካርታው ሐሙስ ለኮሚቴ ይቀርባል፤ በእጅ ልሙላው ብል ሳምንት ይፈጃል።

ቁጥሩ የተቆለለበት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ነበር። የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ጥበቡ ደግሞ ስለዚሁ ይዞታ ሊጠይቁ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩ።

"ይህን ያህል እንኳ አልጠየቅንም" አሉ።

ዕንባዬ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ፕሮግራሙ ስንት መስመር እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሰማንያ አልኳቸው።

"ልጄ፣ መወድስ የሚባለው ረጅሙ ቅኔ ስምንት ቤት ነው፤ ማን በእሱ ይጀምራል? የእኔ ተማሪ አፉን የሚፈታው በአጭሩ ቅኔ በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ነው።"

ሲወጡ የኦቶካዱን የእርዳታ ገጽ ከፈትኩ። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በየትእዛዙ ሥር አጫጭር ምሳሌ አለው። እስከዚያ ቀን ነክቼው አላውቅም። ከምሳሌው እያየሁ ሁለት መስመር ጻፍኩ። አንደኛው የት እንደምነካ ይጠይቀኛል፤ ሁለተኛው በነካሁበት "1" ብሎ ይጽፋል። ጻፈ። ማክሰኞ ቁጥሩ በየንክኪው በአንድ እንዲጨምር አደረግኩ። ረቡዕ ከምሳ በፊት መቶ አርባው ቦታ በየራሱ ቁጥር ተሞላ።

አቶ ደምሌ አላመሰገኑኝም። ይህን ያህል ከፈጠንሽ ብለው የሌላ ቀበሌ ካርታ ጨመሩልኝ።

አዲስ ነዳፊዎች በምን ተማርሽው እያሉ ይጠይቁኛል። በሁለት መስመር ጀምሩ፤ ሲሠራ ሳታዩ ሦስተኛውን አትጻፉ። ደግሞ በካርታው ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አትሞክሩ እላቸዋለሁ።