እትዬ ጠብታ እና አንደኛው ቅርጽ

በቤተ ሙከራችን እትዬ ጠብታ የምንላቸው ሴት አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ከትንሽ ቱቦ ወደ ትንሽ ቱቦ ማንጠባጠብ ነበር፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። መስኮት ሥር ያለች ጠረጴዛ፣ እርሳስ በክር የታሰረበት ደብተር፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነጭ ካፖርት፤ ሀብታቸው ይኸው ነው። ማንንም አይለማመጡም።

እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የምገምት ሰው ነኝ። ግምት ስል አትሳቁ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ግምት ነው። አር ኤን ኤ የሚባለው የአንዳንድ ቫይረስ መመሪያ በአራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም ክር ነው። ክሩ በራሱ ላይ ይታጠፍና ቅርጽ ያወጣል። ቅርጹ ውስጥ ጎድጓዳ ቦታ ከተገኘ መድኃኒት እዚያ ገብቶ ቫይረሱን ሊያሽመደምደው ይችላል። የሕፃናት ትኩሳት የሚያመጣውን ቫይረስ ፊደላት ለፕሮግራሜ ስሰጠው ሃያ ቅርጽ ተነበየልኝ፤ በአስተማማኝነት ነጥብ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ ብቻ የሚበላለጡ። አለቃችን አንደኛውን ሲያይ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«ይኼ ነው! ጎድጓዳውን ቀይ አድርግልኝ» አለኝ።

«ሌሎቹ አሥራ ዘጠኙስ?»

«ለእንግዳ ሃያ ሥዕል ይታያል እንዴ? አንድ ይበቃል።»

ቀይ አደረግኩለት። ሥዕሉ በር በሚያህል ወረቀት ታትሞ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። ጎብኚ በመጣ ቁጥር አለቃችን ጎድጓዳውን በጣቱ እየነካ ይደሰኩራል፤ ቱቦ ከነካ ግን ስንት ዓመቱ! እኔም ከኋላው ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

መፈተኑ የእትዬ ጠብታ ድርሻ ነበር። ክሩ ላይ አንድ ኬሚካል ያንጠባጥባሉ፤ ኬሚካሉ ልቅ የሆነውን ፊደል ይይዛል፣ ከሌላ ፊደል ጋር የተጣመረውን አይነካም። ቀዩ ጎድጓዳ ውስጥ ልቅ መሆን የነበረባቸው ፊደላት ተጣምረው ተገኙ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ቅርጾች አሳተሙኝ። ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብዬ ሰጠኋቸው።

አለቃችን ጎድጓዳው አለ ብሎ ያዘጋጀው ሪፖርት ወደ መድኃኒት ቀማሚዎቹ እንዲሄድ የፈታኝ ፊርማ ያስፈልገው ነበር።

«እትዬ፣ ይፈርሙና እንገላገል» አላቸው አለቃችን።

«ያየሁትን ጽፌ አያይዣለሁ። ጎድጓዳው የለም ብዬ ጽፌ፣ አለ ብዬ አልፈርምም።»

«ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ነው የሚሉኝ?»

«ኮምፒውተሩማ የተናገረው ሃያ ነገር ነው። እርስዎ አንዱን ብቻ ሰሙ።»

አለቃችን ቆሽቱ አረረ። ካልፈረሙ ጠረጴዛቸውን እንደሚያጡ ነገራቸው። እሳቸው ወይ ፍንክች! ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀራቸውን ሴት በሳምንቱ ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን አወረዳቸው፤ ጠርሙስ ይቁጠሩ ተብሎ። ሪፖርቱ እሳቸው ካያያዙት ገጽ ጋር ወደ እኔ መጣ። በሕይወቴ አንዲት ጠብታ አንጠባጥቤ አላውቅም፤ «ፈታኝ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ግን አሳምሬ ፈረምኩ። ፈርቼ ነው ብል የሚያዝንልኝ ሰው አይጠፋም ነበር። እውነቱ ግን ሥዕሉን ወድጄው ነበር።

ቀማሚዎቹ ለዚያ ቀይ ጎድጓዳ አሥራ አንድ ዓይነት ውህድ ሠሩ። አንዱም አልያዘም። የአንድ ዓመት ተኩል ልፋት የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ፤ ሕፃናቱም እስከ ዛሬ ያተኩሳቸዋል። አለቃችን «ቫይረሱ ሳይለወጥ አይቀርም» አለ። ዓይን አውጣ!

በመጨረሻ እያፈርኩ ምድር ቤት ወረድኩ። እትዬ ጠብታ በጠርሙስ ሣጥኖች መሃል ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ፣ ትክክለኛው ቅርጽ የትኛው ይመስልዎታል?»

«አሥራ አራተኛው ነዋ።»

«ታዲያ ያኔ ምነው ሳይነግሩኝ?»

የሪፖርቱን ቅጂ ከመሳቢያቸው አውጥተው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡልኝ። በእጅ ጽሑፋቸው፣ አንደኛው ቅርጽ ስህተት ነው፤ ከፈተናው ጋር የሚገጥመው አሥራ አራተኛው ነው፤ ጎድጓዳውም ሌላ ቦታ ነው ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

«እኔማ አንብበህ የተስማማህ መስሎኝ» አሉኝ፣ «እዚህ ቁጭ ብዬ ስመርቅህ ነው የከረምኩት።»