ሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት፣ ሀዋታ ሐፊር ውስጥ

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሱዳን ጠረፍ፣ ገላባት ላይ ፉል ቤት ከከፈትኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ ከዶካ ወዲያ አላልፍም። አገሩ በጦርነት ከመታመሱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ጥቅምት ነው። ትንሹ ወንድሜ ኑሪ የባሕር ታች መሐንዲስ ሊሆን ነው የሚል ወሬ ቤታችን የገባው ያኔ ነው።

«የት ሆኖ?» አልኳት እናቴን።

«ገዳሪፍ።»

«ገዳሪፍ ባሕር አለ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጋዜጣ የምታነቢው አንቺ ነሽ።»

እውነት ነው፣ አነባለሁ። ፊደል የቆጠርኩትም ትምህርት ቤት ሳይሆን ቅመም ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ዘመዶቼ ዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የማውቅ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የማውቀው ቅመሙ ያልነካውን ግማሽ ገጽ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑሪ በያጅ ነው። አባታችን ሲሞት የተወለት የብየዳ ማሽን አለችው፤ ከነጄኔሬተሯ። ገዳሪፍ ላይ የተከፈተ አንድ ማሰልጠኛ፣ ሦስት ሺህ ሜትር በጠለቀ ባሕር ወለል ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ ብረት መትከል አስተምሬ ፖርት ሱዳን መርከብ ላይ አሳፍራለሁ ብሎ ማሽኗን በክፍያ ፈንታ ወስዷል። የመጨረሻው ፈተና ረቡዕ ነው። ያለፈ መርከብ ይሳፈራል፣ ማሽኗም እዚያው ትቀራለች።

«ወይ ልጄን ይዘሽ ነይ፣ ወይ ማሽኑን» አለች እናቴ። «ባዶ እጅሽን ግን እንዳትመጪ።»

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ገላባት

የምሳፈርበት ቦክሲ፣ ኋላው ክፍት የሆነ ፒክአፕ፣ ከኋላ ሰባት ሰው፣ ሁለት ፍየልና አንድ ማቀዝቀዣ ጭኗል። እኔ ሴት ስለሆንኩ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ጭኔ ላይ የሰው ሕፃን አለ። ሾፌሩ ኢድሪስ እናቱ ጎንደሬ ናት፤ አማርኛው እንደ መኪናው ነው፣ መሀል ላይ ይጠፋና በዓረብኛ ይነሣል።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ወንድምሽ ዋና ይችላል?»

«የራሐድን ወንዝ እንኳ በድልድይ ነው የሚሻገረው።»

«ታዲያ ሦስት ሺህ ሜትር?»

«ሰው አይገባም አሉ። የሚገባው ብረት ነው።»

ኢድሪስ ማርሽ ቀየረ። «ወላሂ፣ ብረትማ ያለ ማሰልጠኛም ይሰምጣል» አለ።

ከኋላ ያሉት ሰባቱም ሳቁ። ፍየሎቹ ዝም አሉ።

ዶካ ላይ ሻይ ጠጣን። የሻይዋ ሴት ብርጭቆውን አሳንሳ ዋጋውን ጨምራለች፤ ስኳሩን ግን አልነካችበትም፣ የሱዳን ሰው በስኳር ቀልድ አያውቅም። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀቴን ገልብጦ እያየ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ወንድሜን ከባሕር ላወጣ» አልኩት። ወደ ግራ ማሽላ፣ ወደ ቀኝ ማሽላ፣ እስከ ሰማይ ጫፍ ማሽላ ነው። ወረቀቴን መለሰልኝ። «አላህ ይርዳሽ» አለኝ፤ እብድ ናት ብሎ ነው።

ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፤ ገዳሪፍ

ከተማው ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ማሰልጠኛው ያረጀ የሰሊጥ መጋዘን ነው። በሩ ላይ ሁለት ሜትር የሚሆን የላሜራ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ መርከብ፣ ከመርከቡ ጎን ደግሞ ግመል። ሠዓሊው የሎሪ ሠዓሊ ነው አሉኝ፤ ግመል ሳይስል ሥራ አልጨረስኩም ይላል።

ኑሪ ከውስጥ ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቅንድቡን የብየዳ ፍንጣሪ በልቶታል።

«እታለም! ማን ላከሽ?»

«ናፍቀኸኝ ነው።»

«እማዬ ናት።»

«እማዬም ናፍቀሃት ነው።»

እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ከትራክተር ማረሻ፣ ከውሃ ቧንቧና ከዘይት በርሜል የተበየደ፣ በሦስት ሹል እግር የቆመ፣ ከእኔ የሚረዝም ብረት አሳየኝ። በጎኑ የሚዘጉና የሚከፈቱ ጎማ ጎማ የመሰሉ መዝጊያዎች አሉት። መቆፈሪያው በዚህ መሐል አልፎ የባሕሩን ወለል እንደሚወጋ፣ ነዳጁ ከታች ገፍቶ ሲመጣ መዝጊያዎቹ እንደሚያፍኑት አስረዳኝ። «ቆቡ» ነው የሚሉት። ልስቅ ነበር የመጣሁት፤ ብየዳውን ሳይ ግን አፌን ያዝኩ። ስፌት ይመስላል።

«ከመቼ ወዲህ ነው ባሕር የወደድከው?»

«ባሕር መች አየሁና!» አለ። «ግን እታለም፣ ስንት ማረሻ ልበይድ? በየዓመቱ ያው ማረሻ በያው ቦታ ይሰበራል። እኔ የበየድኩት ነገር አንድ ጊዜ ሰው የማይደርስበት ቦታ ቢቆም ምን አለበት?»

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ተቆጣሁት።

አሠልጣኙ ባሽመሃንዲስ ጣሂር ይባላሉ፤ ባሽመሃንዲስ ማለት ዋና መሐንዲስ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ። አሥራ አንድ ተማሪ ፊት ቆመው ሲያስረዱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈዝዤ ሰማኋቸው።

«የገዳሪፍን ሲሎ፣ ያንን ረጅም የእህል ጎተራ አስቡ» አሉ። «ሃምሳ ሲሎ አንዱ ባንዱ ላይ ደርቡ። ጫፉ ላይ ቁሙ። መርከባችሁ ይወዛወዛል፣ ታች ጨለማ ነው፣ ዓይናችሁ በገመድ የወረደች ካሜራ ናት። እጃችሁ ላይ ክር፣ የክሩ ጫፍ ላይ መርፌ። መርፌዋን መሬት ያለ ጠርሙስ አፍ ውስጥ አስገቡ። ኻላስ፣ ተከላ ማለት ይኼ ነው!»

ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚናገረው፣ አልኩ ለራሴ። ዓይኔ ግን ማሽኗ የት እንዳለች ይፈልጋል።

ማክሰኞ፤ ወደ ሀዋታ

ቆቡን፣ የብየዳ ማሽኗን፣ ለፎቶ የወረደውን ማስታወቂያና እኛን ሁላችንን ሎሪ ላይ ጭነው ጉዞ ወደ ሀዋታ። ባሕር ስለሌለ ፈተናው እዚያ ባለ ሐፊር ውስጥ ነው፤ ሐፊር ማለት የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ነው፣ ሰውም ከብትም የሚጠጣው።

የዚህን አገር ጥቁር አፈር የማያውቅ ሰው መንገድ የሚባለውን ነገር አያውቅም። ደርቆ ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ግን ገና ሊጥ ነው። ሎሪው ሁለት ሰዓት ሳይሄድ እስከ ወገቡ ገባ።

ማንም አልደነገጠም። ሾፌሩ ሁለት ሰፋፊ ላሜራ አወረደ፣ ኑሪና ጓደኞቹ የማሽላ አገዳ በነዶ በነዶ አምጥተው ከላሜራው ሥር ነሰነሱ፣ ጎማው ላዩ ላይ ወጣ፣ አለፍን። እዚህ አገር ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነው፦ ከባድ ነገር በሹሉ አይቆምም፣ በሰፊው ይተኛል እንጂ። ባሽመሃንዲስ ከሎሪው አልወረዱም፤ ለጫማቸው ፈርተው ነው።

ኑሪ እጁን በሣር እየጠረገ ሽቅብ አያቸው።

«ባሽመሃንዲስ፣ የባሕሩ ታች ምን ዓይነት አፈር ነው?»

«ሦስት ሺህ ሜትር ታች አፈር ምን ይሠራል?»

«ጭቃ ከሆነ የቆቡ እግር ይገባል። ከሥሩ ሰፊ ነገር ይፈልጋል።»

«ያ ዘውል፣ አንተ ሰው፣ ይኼ ትራክተር አይደለም! ቴክኖሎጂ ነው!»

ተማሪዎቹ ሳቁበት። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ቢናደድ ቶሎ ይዤው እመለሳለሁ። አላለኝም።

ሀዋታ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አንድ ትልቅ ድስት ፉል ቀረበ። ባሽመሃንዲስ ሳይጠየቁ ጭልፋውን አነሡ። ከእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ጨው ቀመሱ። ለአሥራ አንዱም ተማሪ፣ ለሾፌሩም፣ ለእኔም አንዳንድ ጭልፋ፤ አንድም ሳህን አልበዛም፣ አንድም አላነሰም። ከዚያ የድስቱን አፍ በጨርቅ ዙሪያውን ጠረጉ።

ዘጠኝ ዓመት ፉል የሸጠች ሴት ይኼን አይታ ዝም ትላለች? አልኩ። ለዚያ ቀን ዝም አለች።

ረቡዕ፤ ሐፊሩ ዳር

አራት ሜትር ውሃ ነው። መርከባችን ስምንት በርሜል ላይ የታሰሩ ሁለት አንገሬብ አልጋዎች ናቸው። ገመዱ አልጋው ላይ በተሰቀለ መዘውር አልፎ ዳር ከቆመ ትራክተር ጋር ተያይዟል፤ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው። የባሕር ታች ዓይናችን ደግሞ ከባትሪ ጋር ማሰሮ በመሰለ ብልቃጥ ውስጥ የታሸገ ስልክ ነው። ከላይ በሽቦ የተያያዘው ሌላው ስልክ ላይ የሚታየው ወተት የበዛበት ሻይ ነው።

ሴቶች ጀሪካናቸውን እንደያዙ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ያዩናል። አንዲት አሮጊት በዓረብኛ ጠየቀችኝ፤ «ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ነዳጅ ሊፈልጉ።»

«ውሃችን ውስጥ?»

«ለልምምድ ነው፣ ያ ኻልቲ።»

«ልምምድ ከሆነ ውሃ መቅዳት ይለማመዱ» አለችና ቀድታ ሄደች።

ባሽመሃንዲስ እጃቸውን አነሡ፤ መርከብ ላይ በተከላ ጊዜ ካንድ ሰው በቀር ማንም አይናገርም። ቢስሚላህ ተባለ፣ ትራክተሩ ለቀቀ። አንድ ቋጠሮ። ሁለት። ሦስት። አራት።

«ነካ!» አሉ።

አምስት ቋጠሮ።

«ነክቷል!»

ስድስት። ሰባት። አራት ሜትር ውሃ ውስጥ ሰባት ሜትር ገመድ ገባ። ከዳር አንዱ «ሐፊሩ ከትናንት ወዲህ ጠልቋል እንዴ?» አለ። ስምንተኛው ቋጠሮ ላይ ገመዱ ቆመ።

«ተከላው ተሳክቷል!» ብለው ባሽመሃንዲስ አጨበጨቡ። ተማሪዎቹም አጨበጨቡ፤ ሰርተፊኬታቸው ቀርቧላ።

ኑሪ አላጨበጨበም። «አልቆመም» አለ። «ተቀበረ።»

«አልፈሃል እኮ፣ አንተ! መርከብ ልትሳፈር ነው!»

«አልቆመም፣ ባሽመሃንዲስ። ያላቆምኩትን አቁሜአለሁ ብዬ መርከብ አልሳፈርም።»

«እንግዲያ ወድቀሃል። ማሽኗም ትቀራለች። የትራክተር ማረሻ እየበየድክ ኑር!»

እኔ የመጣሁት እኮ እንዲወድቅ ነው። ወደቀልኝ፤ ይዤው መሄድ ነው። እግሬ ግን ወደ ሎሪው መሄዱን ትቶ ወደ ሰውየው ሄደ።

«ባሽመሃንዲስ» አልኩ፣ በለሰለሰው የፉል ቤት ድምፄ። «መርከቡ ላይ ለስንት ሰው ነበር ምግብ የሚያወጡት?»

«ለመቶ ሃያ፣ በሁለት ፈረቃ» አሉ ቶሎ ብለው።

ከዚያ አፋቸውን ያዙ።

«ወጥ ቤት ነህ» አልኩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱታው አበቃ።

ባሽመሃንዲስ መሬት ተቀመጠ። አራት ዓመት መርከብ ላይ አብስሏል። ተከላው በምግብ አዳራሹ ቴሌቪዥን ላይ ይታይ ነበር፤ ጭልፋ ይዞ ሁሉንም አይቷል። ቃሉንም፣ ጥልቀቱንም፣ ዝምታውንም ያወቀው እንደዚያ ነው።

«ፖርት ሱዳን ያለውን መርከብስ እውነት ታውቀዋለህ?»

«መርከቡን አውቀዋለሁ» አለ። «መርከቡ እኔን ማወቁን ነው እንጃ።»

ተማሪዎቹ ሊበሉት ደረሱ። ኑሪ ግን ወደ እሱ እንኳ አላየም። ማስታወቂያውን ከሎሪ አወረደ፣ ማሽኗን አስነሣ። ትራክተሩ ሲጎትት አንገሬቦቹ እስኪያጎነብሱ ቆቡ እየተንጫጫ ከጭቃው ወጣ። ኑሪ መርከቡንና ግመሉን የያዘውን ላሜራ በብረት አጠናክሮ ከሦስቱ እግሮች ሥር በየደው። እኩለ ቀን አለፈ፤ ማንም አልሄደም። አሮጊቷም ተመልሳ መጣች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ገመዱ ላላ። አምስተኛው ቋጠሮ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያጨበጨበ የለም። ኑሪ ቋጠሮውን ብቻ ያያል።

«አሁን ትዝ አለኝ» አለ ጣሂር ከኋላችን፣ በቀስታ። «እዚያም ከሥሩ እንዲህ ያለ ሰፊ ነገር ነበረው፣ ወላሂ። እኔ ትሪ ነው የመሰለኝ።»

ሐሙስ፤ ወደ ቤት

ጣሂር ማሽኗን መለሰ። የሌሎቹንም መለሰ፤ አሥራ አንድ ጭቃ የለበሰ ሰው ከብቦት ምን ያደርጋል! ለኑሪ በገዛ እጁ ጽፎ ሰርተፊኬት ሰጠው። «እውነተኛውን ተከላ ከመሀላችን ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም፤ ግን ያየሁት እውነት ነው» አለው። ቆቡ እዚያው ሐፊሩ ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ የትራክተሩ ባለቤት እርሻዬ ብሎ ገመዱን ፈትቶ ሄዷል።

ከመለያየታችን በፊት ለጣሂር፣ ገላባት ቢመጣ ፉል ቤቴ ሰው እንደሚፈልግ ነገርኩት። «እዚያ ግን ባሽመሃንዲስ የሚልህ የለም» አልኩት። ሳቀ፤ አስባለሁ አለ።

ኢድሪስ ቦክሲው ላይ ኑሪን ሲያየው «ከባሕር ወጣህ?» አለው። ኑሪ ማሽኗን ከኋላ ጫነ። ዶካ ላይ ሻዩን እያማሰለ፣ «እታለም፣ ሦስት ሺህ ሜትርም ቢሆን ይቆም ነበር» አለኝ። «ይቆም ነበር» አልኩት። እናቴ ሁለቱንም ስታይ፣ መጀመሪያ የሳመችው ልጇን ነው፤ መጀመሪያ የቆጠረችው ግን የማሽኗን ገመዶች።

ጥር ላይ ሐፊሩ ጎደለ ሲሉ ኑሪ ማሽኗን ጭኖ ብቻውን ሀዋታ ሄደ። ቆቡን አወጣው። እግሮቹን ቆርጦ ለከብቶቹ የውሃ ገንዳ ማቆሚያ አደረጋቸው። ላሜራውን ሴቶቹ ውሃ በሚቀዱበት ዳር ጭቃው ላይ፣ ሥዕሉን ወደ ታች አድርጎ አነጠፈው። ሁለት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ገባና ማረሻ መበየድ ጀመረ።