ዋልያ ለማየት የተቋጠረ ስንቅ

ከደባርቅ እስከ ዳባት ባለው አገር ጉዞ በማሰናዳት እኔን የሚስተካከል ሰው የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ መሆኔ እውነቱን አይቀንሰውም። እርግጥ አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን ለንግሥ ደረስጌ ማርያም ይዤ ሄጄ፣ ቀኑን በአንድ ስለሳትኩ የደረስነው ታቦቱ ከገባ፣ ጠላው ካለቀ፣ ካህናቱም ቤታቸው ገብተው ከተኙ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቼ እንኳን ለጉዞ፣ ለምሳ አብረውኝ ለመውጣትም ያመነታሉ።

ታላቅ እኅቴ ይህን ሁሉ እያወቀች ከዳባት ደወለችልኝ። "ሰሜን ተራራ ወጥቼ ዋልያ ማየት እፈልጋለሁ። አንተ አሰናዳልኝ።"

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስልኩን ሳልዘጋ ነው የሳምንት ፈቃድ ልጠይቅ የተነሳሁት።

እኅቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዳባት ላይ ባዮሎጂ አስተምራለች። ዋልያን በጠመኔ ትስላለች፤ በየዓመቱም አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና "መምህርት፣ እርስዎ አይተውታል?" ይላታል። እሷም በየዓመቱ "አላየሁም" ትላለች። እኔ ብሆን "ዋልያ አበልጄ ነው" ብዬ አርፍ ነበር። እሷ ግን ካላየች አላየች ነው። አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ልጇ ሐዋሳ ልትወስዳት ነው፤ አልጋና ቁምሳጥኑ ተሽጧል፤ የቀራት ሁለት ሳምንት ብቻ። ጉልበቷም ዳገት እምቢ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ዘንድሮ ካልወጣች ከእንግዲህ የምትወጣበት እግር የላትም። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ስታስተምር ለልጆቹ፣ "ሳልሄድ አይቼው እመጣለሁ፤ ምን እንደሚመስልም እነግራችኋለሁ" ብላቸዋለች። ይህችን ቃል ነው እኔ ላይ የጣለችው።

ዕቅዱን አሳምሬ ነደፍኩት። ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መኪና ፓርኩን አቋርጦ ስለሚያልፍ ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ላይ እንወርዳለን፤ እዚያ አንድ አዳር እናድራለን፤ በማግሥቱ ዋልያ ወደሚሰማራበት ገደል እንወጣለን። ስካውት የሚሉት ታጣቂ አጃቢ ሳይዙ ፓርኩ መግባት ስለማይፈቀድ አንድ ገበሬ ተመደበልን። ለእኅቴ ጉልበት ሲልም እሱው አንዲት በቅሎ ጨነቅ ላይ እንድትጠብቀን ላከ። የቀረው ስንቅ ነበር።

ስንቅ ላይ እኔን ተዉኝ። ሰው አገር ባዶ እጅ አይኬድም። መንገድ ላይ እረኛ ይገኛል፣ የፓርኩ ጠባቂ ይገኛል፣ ሳይታሰብ የሚጠጋ እንግዳ አለ። ስለዚህ ሚስቴንና ጎረቤቶቿን ሦስት ቀን አላስተኛኋቸውም፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሽንብራ ቆሎ፣ የተፈጨ ተልባ፣ ሽሮ ከነድስቱ፣ የመኪና ጎማ የሚያካክሉ አምስት ድፎ ዳቦ። በዋዜማው ስካውቱ ጭነቱን ሊያይ ሲመጣ ግቢዬ የእህል በረንዳ መስሏል።

ሰውየው ጠመንጃውን እንዳነገተ ጆንያዎቹን አንድ ጊዜ ዞራቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ የስንት ሰው ነው?"

"የሦስታችን።"

"እኔማ ለዋልያው ተዝካር ልታወጡለት መስሎኝ።"

"እንግዳ ቢመጣስ?"

"ሰሜን ተራራ ላይ ይህን የሚጨርስ እንግዳ የለም። ጭላዳ ዝንጀሮውን ሁሉ ካልጠሩት በቀር።" ቀጥሎ ሳቁን ዋጠና "በቅሎዋ አንዲት ናት፣ ጋሼ። ወይ መምህርትን ትሸከማለች፣ ወይ ዳቦዎን" አለኝ።

ይህን ጊዜ እኅቴ ከዳባት ሚኒባስ ወርዳ በሩ ላይ ደርሳለች። የያዘችው ተማሪ የሚያነግታት ዓይነት አንዲት ቦርሳ ነበረች። ጆንያዎቹን አየች፤ እኔን አየች።

"አንተ ልጅ፣" አለችኝ፤ ሽበት የወረረውን ጭንቅላቴን እያየች፣ "አሁን ያለነው ምን ውስጥ ነው?"

"የገና ጾም ውስጥ። ምነው፣ ሁሉም የጾም ነው! ቅቤ የሚባል በዚህ ግቢ አላለፈም።"

"አየሁ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። አንተስ?"

"እጾማለሁ እንጂ።"

"እርስዎስ?" አለችው ስካውቱን።

"እኔም እንደዚያው፣ መምህርት።"

"ሄደን እስክንመለስ ስንት ጊዜ እንበላለን?"

ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጾመኛ፣ አንድ አዳር፣ አራት ጆንያ። ስካውቱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

እኅቴ አልሳቀችብኝም። ጎንበስ ብላ አንድ ዳቦ ብቻ ለየች፤ ሌላውን ለጎረቤት እንዲከፋፈል ለሚስቴ አስረከበች። ከዚያ የራሷን ዝግጅት ከቦርሳዋ አወጣች። እፍኝ በሶ። ነጭነቱ አውሬ እንዳያስበረግግ በሻይ ቅጠል ቀቅላ ያጠቆረችው ጋቢ። ከሰው የተዋሰችው የሩቅ ማሳያ መነጽር፤ እሱንም ግቢዋ ቁጭ ብላ የጎረቤቷን ዶሮዎች ስታይበት ሰንብታ፣ ባለዶሮዋ "ምን አድርገውሽ ነው?" ብላ መጥታባታለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት በዘንግ ተደግፋ ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ሰፈሩ ስለት ያለባት መስሎት በየቀኑ "ይድረስልሽ" ይላት ነበር።

"ጉልበትሽን ሳታመው?" አልኳት።

"ያመኛል። ግን ለመድኩት።"

እኔ ለሦስት ቀን ሰው ሳስጨንቅ፣ ያቺ ሴት ለሁለት ወር ራሷን ስታዘጋጅ ነበር። በዚያች ቅጽበት ኮፍያ ቢኖረኝ አወልቅላት ነበር።

ጨነቅ ላይ ያደርንበት ብርድ እንደ እኔ አባባል ጥርስ ያረግፋል፤ እኅቴ "ቀዝቀዝ ይላል" ብቻ ነው ያለችው። ጧት በቅሎዋ እኅቴን ይዛ ወጣች። ከላይ ስንደርስ ስካውቱ እጁን አንሥቶ አስቆመን፤ በአገጩ ወደ ገደሉ ጠርዝ አመለከተ። እኅቴ ወረደች። የቀረችውን መንገድ ዘንጓን ይዛ፣ እያነከሰች፣ ማንም ሳይደግፋት ሄደች። ጠርዙ ጋ ተቀመጠች፤ መነጽሩን አነሣች፤ ወዲያው መልሳ አወረደችው። አላስፈለጋትም፤ ዋልያው ቅርብ ነበር።

ከዚያ በሹክሹክታ "እግሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ነው" ስትል ሰማኋት። "በጠመኔ ሁሉንም ነጭ አድርጌው ኖርኩ። ይህን እነግራቸዋለሁ።" ቀጥላ እኔን ጠራችኝ። "ና እንጂ! ቀንዱ አድጎ አድጎ ምን አክሏል! ና፣ ሳይሄድ!"

አልሄድኩም። ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዋ በሆዴ ተኝቼ፣ በሁለት እጄ የጓሳ ሣር ጨብጬ ነበር።

"ጋሼን አመማቸው እንዴ?" አለ ስካውቱ።

አላመመኝም። ገደል እፈራለሁ። የደባርቅ ልጅ ነኝ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ከጠርዝ ሃያ እርምጃ ርቄ እንኳ መቆም አልችልም። እኅቴ መነጽሩን አውርዳ ዋልያውን ስታይ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።