ሰብስቤ የጻፈው ጉድጓድ

ሰብስቤ በመንግሥት ላቦራቶሪ ውስጥ ውኃ የሚመረምር ባለሙያ ነው፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ልብ ወለድ ይጽፋል። ይጽፋል ስንል እንደ ሌላው ሰው ስለ ፍቅርና ስለ ክህደት አይደለም። ስላልመጣ ዘመን፣ ስለ ከዋክብት፣ ማንም ገና ስላልሠራው መኪና ነው። ይህን አመሉን ከሚስቱ ከሰርኬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ከመጠጥ ይሻላል ብላ ነው የተወችው።

ጣጣው የመጣው ከጽሕፈት መኪናው ነው። የኮልፌ የጭቃ ግድግዳ ምሥጢር አይዝም። ዘመኑ ደግሞ የንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት፣ ተማሪ በየአደባባዩ የሚጮኽበት፣ የተቃውሞ ወረቀት በየአጥሩ ሥር ተበትኖ የሚያድርበት፣ ሰው ከወንድሙ ጋር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ነው። ታዲያ አንድ ዝምተኛ የመንግሥት ሠራተኛ በሩን ዘግቶ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ጎረቤት ምን ይበል? የግቢው ባለቤት አቶ ሀያቱ ከሱቃቸው ሆነው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ሰብስቤም መስማታቸውን ያውቃል። ሰላምታቸው አጥራበታለች፤ ዓይናቸው እጁ ላይ ያለውን ቦርሳ ይከተላል። «እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን ይጠቁሙኛል» እያለ ሰላም አጣ።

አንድ እሑድ ከሰዓት አቶ ሀያቱ አላስቻላቸውም።

«ሰብስቤ፣ የአገሬ ልጅ ነህና ልጠይቅህ። ቤት ዘግተህ የምትቀጠቅጠው ምንድን ነው? የሚበተነው ወረቀት ከሆነ ዛሬውኑ ከቤቴ ውጣልኝ።»

«ኧረ ጋሼ ሀያቱ! ተረት ነው፤ የሚመጣ ዘመን ተረት።»

«እንግዲያው አንብብልኝ።»

በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አነበበላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባም ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ያዳምጣሉ። ታሪኩ፣ ከሰማይ የወደቀች ድንጋይ ኮልፌ ካለ አንድ ጉድጓድ ትገባለች፤ ከዚያ ውኃ የጠጣ ሁሉ ጎረቤቱ በልቡ የሚያስበውን መስማት ይጀምራል፤ መንደሩም ይታመሳል። ሰብስቤ ግን የላቦራቶሪ ሰው ነውና ያላየውን መጻፍ ይከብደዋል። ድንጋይዋን ከሰማይ ማውረድ ችሎ፣ አንድ ጉድጓድ ከራሱ ማፍለቅ አቅቶት፣ የአቶ ሀያቱን ጉድጓድ ከነጥልቀቱ፣ ከነተሰነጠቀ አፉ፣ ከነሚንቋቋው መዘውሩ እንዳለ አስገብቶታል። አቶ ሀያቱ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«ይሄ የኔ ጉድጓድ ነው።»

«ለምሳሌ ያህል ነው፣ ጋሼ።»

«የመንግሥት ውኃ መርማሪ ለምሳሌ ብሎ የሰው ጉድጓድ ያነሳል?»

በማግሥቱ ጉድ ፈላ። ወይዘሮ ዘይነባ የሰሙትን ለአንዲት ጎረቤታቸው ሹክ አሉ፤ ወሬው ጦር ኃይሎች ሰፈር እስኪደርስ ድንጋይዋም ሰማዩም ተራግፈው «የላቦራቶሪው ሰውዬ የሀያቱ ውኃ ያሳብዳል አለ» የሚለው ብቻ ቀረ። ከግቢው ይቀዱ የነበሩ ሴቶች ቆርቆሯቸውን ይዘው ወደ ሩቁ ቦኖ ተመሙ። አቶ ሀያቱ ሰብስቤን መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙት።

«ማን ልኮህ ነው? ጉድጓዴን ማን ፈልጎት ነው?»

ሰብስቤ አዘነ። የጻፈውን ሰው እንዲያምንለት ስንት ዓመት ተመኝቶ፣ ሲታመንለት እንዲህ ይሁን! በየጎረቤቱ እየዞረ በገብርኤል ማለ፤ ፈጠራ ነው፣ ውሸቴን ነው አለ። ማረጋገጫ እንዲሆነውም ከጉድጓዱ በብልቃጥ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪው ወሰደ። ንጹሕ ነው የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ሊመለስ አስቦ ነበር።

ውኃው ንጹሕ አልነበረም። ከሰማይ የመጣ ነገር ሳይሆን ከሽንት ቤት የሰረገ ጀርም ተገኘበት፤ ያውም ሕፃን የሚገድል። ሰብስቤ መጀመሪያ የጠረጠረው ብልቃጡን ነው፤ ቀጥሎ እጁን፣ ቀጥሎ ዓይኑን። ደግሞ መረመረው። ያው ነው።

ወደ ሰፈሩ ሲሮጥ የደረሰው አቶ ሀያቱ ጎረቤቱን ሰብስበው አንድ ጣሳ ውኃ በሰው ፊት ጭልጥ ካደረጉ በኋላ ነበር። ሴቶቹም በራሱ በሰብስቤ መሐላ ልባቸው ረግቶ ተሰልፈዋል። ሰርኬም ልጃቸውን አዝላ ተራ ይዛለች።

«አትቅዱ! መርምሬዋለሁ፤ በሽታ አለበት!» አለ እያለከለከ።

ሴቶቹ ዞረው አዩት። ከዚያ ወይዘሮ ዘይነባ ሳቁ።

«ሁለተኛው ክፍል ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። የምርመራውን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላቸው፤ አቶ ሀያቱ ዞር ብለው አላዩትም። «ያኛውንም እንዲሁ ኮስተር ብለህ ነው ያነበብክልኝ» አሉት። ባልዲው ወረደ። ሰርኬ ጠጋ ብላ «በእናትህ፣ አታዋርደኝ» አለችው በሹክሹክታ። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ የሰው ሳቅ እያየ አብሮ ይስቃል።

ያኔ ሰብስቤ የተማረውን ሁሉ ትቶ፣ አያቱ የገበያ ጠብ ሲያስቆሙ ያደርጉት እንደነበረው ክንዱን ዘርግቶ ጮኸ።

«በጃንሆይ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ ብያለሁ፣ ማንም እንዳይቀዳ!»

መዘውሩ ቆመ። በንጉሥ ስም ቁም የተባለ ሰው ያለበት ይቆማል፤ አልፎ የሄደ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሴቶቹ ባዶ ቆርቆሯቸውን እያነሱ አንድ በአንድ ወጡ፤ አንዷም ቀና ብላ አላየችውም።

አቶ ሀያቱ ዳኛ ፈርተው ጉድጓዱን ደፈኑት። በዚያ ክረምት ከግቢው ልጆች በተቅማጥ የተያዘ የለም፤ ይህን ሲያስብ ሰብስቤ ደስ ይለዋል። ግን ደስታውን የሚያካፍለው ሰው አጣ። ሰውን በንጉሥ ስም የሚያስቆም ዝምተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ሊሆን እንደሚችል ኮልፌ ብዙም አልተመራመረችም። ጆሮ ጠቢ ነው፤ አለቀ። ሊያስረዳ ሞከረ፤ ባስረዳ ቁጥር ባሰበት።

አንድ ቀን ስኳር ሊገዛ አቶ ሀያቱ ሱቅ ገባ። ደንበኞቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ተራ በተራ ወጡ። አባቱ የሚሆኑት አቶ ሀያቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ወንበሩንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው አቀረቡለት።

«ይቀመጡ ጌታዬ» አሉት። «እኛ እንደሆንን ጃንሆይን እንወዳለን። እባክዎ፣ እሱንም ይጻፉልን።»